«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል»፦ ትርጉሙ፣ ምንጩና በሁለት አምባገነኖች መካከል የተንጠለጠለው ሰላይ

ባሕር ዳር ውስጥ ይህ አባባል በሁለት ድምፅ ይነገራል። እናት ልጇን «በአንድ ሥራ ብቻ አትመን፤ ሁለት ባላ ትከል» ስትለው ምክር ነው። ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ሲነሳ ምስጋና ነው። በሰፈር ጠብ መሀል ግን ለሁለቱም ወገን «ልክ ነህ» እያለ የሚመላለስ ሰው ሲነሳ ድምፁ ይቀየራል። «እሱን ተወው፣ ሁለት ባላ የተከለ ነው» ይባላል። ያን ጊዜ ስድብ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰውየውን ማንም አያምነውም።

እኔ ይህን አባባል ከስድብነቱ ላወጣው እፈልጋለሁ። ለሁሉም ሰው አይደለም፤ ለአንዳንዱ። ምክንያቴን ለማስረዳት ከባላው ልነሳ። ከዚያ ወደ አንድ የሩቅ አገር ሰላይ እሄዳለሁ።

ባላ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ እንጨት ነው። ከዛፍ ሲቆረጥ መንታው ቅርንጫፍ እንዳለ ይተዋል። የታችኛው ጫፍ መሬት ይገባል፣ መንታው ላይ ደግሞ አግዳሚ ይጋደማል። ዳስ ሲጣል ባላ ይተከላል። ቆጥ በባላ ላይ ያርፋል። የእህል ጠባቂው ማማም የሚቆመው በባላ ነው። ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ ማማው ላይ ይወጣል፤ ዝንጀሮና ወፍ ሲያባርር ይውላል። ከሥሩ ምስጥ አለ። ዝናብ አለ። አንዱ ባላ ከተነቀለ የሚወድቀው እሱ ነው። በሌላው ባላ ካልተንጠለጠለ ወገቡ ይሰበራል። አባባሉ የተወለደው ከዚህ ዓይነት የገበሬ ኑሮ ነው። የሚናገረውም ከፍታ ላይ ሆኖ ከሥሩ ያለውን ነገር ስለማያምን ሰው ነው።

ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ክረምቱ ሲያልፍ ሐይቁ ይሞላል፤ ዳርቻው ረግረግ ይሆናል። ደንገል በሚበቅልበት ጭቃ ውስጥ የተተከለ እንጨት፣ ወይራ እንኳ ቢሆን፣ ቀጥ ብሎ አይቆይም። ስለዚህ እዚህ እንጨቱን ብቻ ማየት አይበቃም። የሚቆምበትን መሬትም መርገጥ ያስፈልጋል። አባባሉ ይህን አይነግረንም። ሁለት ትከል ይላል እንጂ የት እንደምትተክል አይልም። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ይህን አባባል «በሁለት ቢላ ይበላል» ከሚለው ጋር ይቀላቅለዋል። አንድ አይደሉም። በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው ከዚህም ከዚያም ይቆርጣል፤ ጠግቦም አይተውም። የሚነዳው ሆዱ ነው። ሁለት ባላ የሚተክለውን የሚነዳው ፍርሃት ነው። እሱ የሚፈልገው አለመውደቅን ብቻ ነው።

ከራሳችን ታሪክ ለሁለት ቢላ ምሳሌ ከተፈለገ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ይበቃሉ። በ1924 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ከሥልጣን ወርደው ታሰሩ። ጣሊያን ሲገባ ከጣሊያን ጋር ሆኑ። አርበኛው ሲበረታ ጣሊያኖች ሕዝቡን እንዲያባብሉላቸው ወደ ጎጃም መልሰው ላኳቸው። መጋቢት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲወጣ ራስ ኃይሉ እዚያው ቀሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱንም ተቀበሉ። ሁለቱንም ጊዜ ዓይናቸው የነበረው የአባታቸው ግዛት ላይ ነበር። ወደዚያ ሥልጣን ግን አልተመለሱም።

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት ሰው ልምጣ። ስሙ ሊዮፖልድ ትሬፐር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቪ ታርግ በምትባል ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት፤ ያኔ በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሥር ነበረች። በወጣትነቱ ኮሚኒስት ሆነ። ፍልስጤም ሄደ፤ እንግሊዞች አሰሩት፣ ቆይተውም አባረሩት። በፈረንሳይ በኩል አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1932 ሞስኮ ገባ።

ሞስኮ የስታሊን ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተረሸኑ። ብዙዎቹ ለአብዮቱ ዕድሜያቸውን የሰጡ ነበሩ። የወታደራዊ ስለላው አለቃ ያን ቤርዚንም አልተረፈም፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ተገደለ። ትሬፐርን ለስለላ ሥራ ያጨው ይህ ሰው ነበር። ይህን ስም አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ትሬፐር በዚያው ሰሞን ወደ ብራሰልስ ተላከ። አዳም ሚክለር የሚባል ካናዳዊ ነጋዴ ሆኖ ገባ። የዝናብ ካፖርት ወደ ውጭ የሚልክ ኩባንያ ሽፋን ሆነለት። ከጀርባው ለሞስኮ መረጃ የሚያቀብል መረብ ዘረጋ። ሂትለር እ.ኤ.አ. በ1940 ቤልጂየምን ሲይዝ ወደ ፓሪስ ዞረ። እዚያም ሲሜክስ የሚባል የንግድ ድርጅት ተቋቋመ። ትልቁ ደንበኛው የጀርመን ጦር የግንባታ ድርጅት፣ ቶት የሚባለው ነበር። ለጀርመኖች ዕቃ ይሸጣሉ። በትርፉ ሰላዮቹ ይኖራሉ። ለንግዱ በሚሰጣቸው የይለፍ ወረቀት እንደልብ ይዘዋወራሉ። ሂትለር እሱኑ ለሚሰልለው መረብ ደሞዝ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ያ ወረቀት አንድ ቀን ነፍሱን አተረፈለት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1941 ጀርመኖች ብራሰልስ ውስጥ ሬዲዮ የሚተላለፍበትን ቤት ሰብረው ገቡ። ትሬፐር ምንም ሳያውቅ መጥቶ በሩን አንኳኳ። የከፈቱለት ጀርመኖች ናቸው። ራሱ እንደተረከው፣ የቶትን ወረቀት አውጥቶ አሳያቸውና ለቀቁት። ይህን ሳነብ ያ የማማ ጠባቂ ነው ትዝ ያለኝ።

ጀርመኖች መረቡን «ቀዩ ኦርኬስትራ» አሉት። አንድ በአንድ እየለቀሙ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ ትሬፐርን ፓሪስ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ያዙት።

ጌስታፖ፣ የናዚ ምስጢር ፖሊስ፣ አልገደለውም። ሌላ ሥራ አስቦለት ነበር። በተያዙት ሬዲዮዎች ለሞስኮ የተበረዘ ወሬ መላክ ፈለጉ። ዓላማቸው በስታሊንና በእንግሊዝ-አሜሪካ መሀል ጥርጣሬ መዝራት ነበር። ሞስኮ እንዳትጠረጥር ደግሞ የትሬፐር እጅ ያስፈልጋቸዋል። ትሬፐር እሺ አለ።

እሺ ያለው ሰው ምን ምርጫ ነበረው? አይሁዳዊ ነው። ኮሚኒስት ነው። የተያዘው በናዚ ነው። እምቢ ቢል የሚጠብቀውን እያንዳንዳችን እናውቃለን። እሱ ግን እሺ ብሎ አልተቀመጠም። በእስር ሆኖ በደበቀው ወረቀት ላይ ሪፖርት ጻፈ። በፈረንሳይ ኮሚኒስቶች በኩልም ወደ ሞስኮ ላከው። መያዙን፣ ሬዲዮዎቹም በጀርመን እጅ መግባታቸውን አሳወቀ። ሁለተኛውን ባላ የተከለው ያኔ ነው፤ በጠላት እስር ቤት ውስጥ።

ይህ ታሪክ ንጹሕ ነጭ አይደለም። ትሬፐር ከተያዘ በኋላ ከጓዶቹ ብዙዎቹ ተይዘዋል። የቅርብ ረዳቱ ሂለል ካትዝ ተሰቃይቶ ከጦርነቱ አልተረፈም። ትሬፐር ማንን አሳልፎ ሰጠ፣ ማንን ሸሸገ በሚለው ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ሙታኑን ወክዬ ይቅር ልለው አልችልም። ግን ጌስታፖ ፊት ቀርቤ ስለማላውቅ ልፈርድበትም አልደፍርም።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1943 አመለጠ። ጠባቂው ሆዱን ይታመም ነበር። ትሬፐር መድኃኒት ልግዛልህ ብሎ ፓሪስ መሀል ወደሚገኝ ትልቅ ፋርማሲ ገባ። ፋርማሲው ሁለት በር ነበረው። በአንዱ ገብቶ በሌላው ወጣ። ፓሪስ ነፃ እስክትወጣ ተደብቆ ቆየ።

አንዱ ባላ እንግዲህ ተነቀለ። የቀረው ሞስኮ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1945 የሶቪየት አውሮፕላን ወደዚያ ወሰደው። በዚያው አውሮፕላን ሻንዶር ራዶ የሚባል ሌላ ሰላይ ነበር። ራዶ በስዊዘርላንድ ለሶቪየት ሲሠራ የቆየ ነው። ምን እንደሚጠብቀው የገባው ይመስላል፤ ካይሮ ላይ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ጠፋ። በኋላ ተይዞ ተላከና እሱም ታሰረ። ትሬፐር ግን ጉዞውን ቀጠለ። ሞስኮ ሲደርስ ታሰረ፤ ሉቢያንካ ወደሚባለው የታወቀ እስር ቤትም ገባ። ለስታሊን ሰዎች ከጌስታፖ እጅ በሕይወት መውጣቱ ራሱ ወንጀል ነበር። በሂትለር እጅ አንድ ዓመት ያልሞላ ጊዜ ታስሮ ነበር። በስታሊን እጅ አሥር ዓመት ያህል ታሰረ።

ይህን ስንሰማ «ሁለት ባላ የተከለ ይኸው ነው መጨረሻው» ማለት ይቀናናል። እኔ ግን መሬቱን ነው የማየው። ትሬፐር የተንጠለጠለበት ሁለተኛው ባላ የቆመው በምን ላይ ነበር? እሱን በሚያውቁ ሰዎች ላይ። ቤርዚን ያውቀው ነበር፤ ቤርዚንን ስታሊን ገደለው። ካትዝ ያውቀው ነበር፤ ካትዝን ናዚዎች ገደሉት። አንዱ አምባገነን የላኩትን ሰዎች ፈጀ፤ ሌላው አብረውት የሠሩትን። «ይህ ሰው የእኛ ነው፣ ያደረገውን ያደረገው ስለ እኛ ነው» የሚል ሰው በሕይወት አልተገኘም። የተገኘውም መናገር አይችልም። መናገር ከእሱ ጎን መታሰር ነበርና።

በእኛ አገር በጣሊያን ዘመን የነበረው የውስጥ አርበኛ ኑሮ ከዚህ ይቀራረባል። ባሕር ዳርን ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ያዘ፤ በ1933 ዓ.ም. ለቀቀ። በነዚያ ዓመታት ጎጃም ጫካው የአርበኛ፣ ከተማው የጣሊያን ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀ በየአቅጣጫው ይዋጋሉ። ከተማ የቀረው ሰው ደግሞ ቀን ለጣሊያን እየሠራ ማታ ለአርበኛው ጥይት፣ ስንቅና ወሬ ያቀብላል። ከቢሮው ጠረጴዛ የሰማውን የሚልክ አስተርጓሚ ነበር። ጠመንጃውን ይዞ የሚከዳ የባንዳ ወታደርም ነበር። አዲስ አበባ ላይ በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነው ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው ተሰቃይተዋል፤ ጣሊያን አገር በአዚናራ ደሴትም ታስረዋል።

የውስጥ አርበኛ ሁለት ባላ ተካይ ነው። በጣሊያን ዓይን ከሃዲ ነው። ከሩቅ በሚያየው ወገኑ ዓይንም ባንዳ ይመስላል። ከሁለቱም አቅጣጫ ጥይት ሊመጣበት ይችላል። ከትሬፐር የሚለየው ግን ከሥሩ ጎረቤት አለ። ጥይቱን የተቀበለው ገበሬ አለ። ስንቁን በቅርጫት የወሰደችው ሴት አለች። ነፃነት ሲመጣ «ለጣሊያን ሠርተሃል» ሲባል እነዚህ ሰዎች ቆመው ይመሰክሩለታል። የሚመሰክርለት ሰው ጫካ ውስጥ የሞተበት ሰው ደግሞ ስሙን ሳያጠራ ቀርቷል። እንደዚያ ሆነው ያለፉ ሰዎች መኖራቸውን ሳስብ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ በሰፈር ሽምግልና «እሱ ሁለት ባላ የተከለ ነው» ሲባል ስሰማ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሰውየው ከሁለቱ ወገን አንዱን የመተው ምርጫ ነበረው ወይ? ከነበረው ሁለት ቢላ ይዞ ነበር ማለት ነው፤ ስድቡ ይገባዋል። ካልነበረው ግን ማማ ላይ ያለ ሰው ነው።

ትሬፐር ስታሊን ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1955 ተፈታ። ወደ ፖላንድ ተመልሶ ዋርሶ ላይ ከጦርነቱ የተረፉትን አይሁዶች የባህል ማኅበር ይመራ ነበር። እዚያም ሰላም አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1968 የፖላንድ መንግሥት በአይሁዶች ላይ ዘመቻ ከፈተ። ልወጣ ብሎ ሲጠይቅ ከለከሉት፤ በጠባቂ ዓይን ሥር አዋሉት። በዚህ ጊዜ ግን ብቻውን አልነበረም። ልጆቹ በውጭ አገር ተቃውሞ አነሱ። ፈጽሞ የማያውቁት የምዕራብ አውሮፓ ሰዎችም ይለቀቅ ብለው ጮኹ። እ.ኤ.አ. በ1973 መውጣት ተፈቀደለት። በማግስቱ ዓመት እስራኤል ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፈ።