ጋዙ ከመጋዘን እየወጣ ዋጋው ለምን ይወርዳል?

አሜሪካ ውስጥ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር የተፈጥሮ ጋዝ ከመሬት በታች ይጠራቀማል፤ በአብዛኛው ነዳጃቸው ተቀድቶ ባለቀ ጉድጓዶች ውስጥ። ክረምት ሲገባ ይወጣል። (ክረምት ስል የሐምሌውን ዝናብ ሳይሆን በረዶውን ነው።)

ስንት እንደወጣ ሐሙስ ሐሙስ በመንግሥት ሪፖርት ይነገራል። ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ገበያው የወጣውን ከጠበቀው ጋር ያስተያያል። 100 ቢሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ይወጣል ተብሎ 80 ከወጣ፣ ከተጠበቀው በላይ ጋዝ መጋዘን ውስጥ ስለቀረ ብርድ እያለም ዋጋው ሊወርድ ይችላል።

ብርዱ ሲከፋ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከጋዙ ጋር የሚወጣው ውሃ ጋዝ በሚመረትበት ጉድጓድ አፍ ላይ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ይደፍናል። ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ይሄው ደረሰባት። የአሜሪካ ጋዝ ዋጋ መለኪያ በሆነው፣ ሉዊዚያና ባለው የቧንቧዎች መገናኛ ሄንሪ ሃብ፣ ለአንድ ሚሊዮን ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) 3 ዶላር ገደማ የነበረው ዋጋ በቀናት ውስጥ ከ23 ዶላር አለፈ።