ፊውዙ ምን አጠፋ? ስለ ቤታችን መብራት በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ድሮ በተከራየሁበት ግቢ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ብሬከሩ ይወርድ ነበር። አከራያችን ተማረሩና የሠፈሩን ኤሌክትሪሻን ጠሩ። እሱም 16 አምፒሯን ነቅሎ 32 ገጠመና ሄደ። ሁላችንም መረቅነው። ከዚያ ወዲያ ብሬከር የሚባል ወርዶ አያውቅም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ግን መጣ። ሶኬቱ ሲፈታ የሽቦው ልባስ ቀልጦ ግድግዳው ጠቁሯል።

በመብራት ጉዳይ አብዛኞቻችን እንዲህ ነን። የሚታየውን እንከሳለን፤ ጥፋተኛው ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ ያመልጣል።

«ብሬከሩ የሚወርደው ደካማ ስለሆነ ነው»

ኧረ ሥራውን እየሠራ ነው! ብሬከር የተቀመጠው ለምጣዱ ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ላለው ሽቦ ነው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ሳይግል በፊት ይቆርጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 3500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ይወስዳል። ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ የሶኬት መስመር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው በ16 አምፒር ብሬከር ነው። ምጣዱ ብቻውን ሞላው ማለት ነው። በዚያ ላይ ፍሪጅ አለ፤ አንዱ ደግሞ ካውያ ይሰካል።

መፍትሔው ለምጣዱ ብቻ ራሱን የቻለ መስመር መዘርጋት ነው፤ ወፍራም ሽቦ፣ ለሽቦው የሚመጥን ብሬከር። በድሮው ፊውዝ ላይ የመዳብ ክር መጠቅለልም ከአከራያችን ኤሌክትሪሻን ሥራ አይለይም። ምጣድ በዲቫይደር መሰካትማ አይወራ። ዲቫይደሩን ገልብጣችሁ እዩት፤ ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ 10 አምፒር ነው የሚሉት።

«ቴስተሩ ሁለቱም ቀዳዳ ላይ በራ፤ ሁለት ፌዝ መጥቷል»

ይቺን እወዳታለሁ። ቤት ውስጥ አንድም ዕቃ አይሠራም። ቴስተሩ ግን ሁለቱም ቀዳዳ ላይ ይበራል። ሰው ግራ ይጋባል።

ብዙውን ጊዜ አዲስ የመጣ ፌዝ (ኃይሉን የሚያመጣው ሽቦ) የለም፤ የጠፋው ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) ነው። ፌዙ በተሰካው ፍሪጅ ወይም ማብሪያው ባልጠፋ አምፖል ውስጥ አልፎ ወደ ኒውትራሉ ሽቦ ይሄዳል። መመለሻው ስለተቆረጠ እዚያው ይቆማል። ቴስተሩ የሚያየው እሱን ነው። ዕቃውን ሁሉ ንቀሉ፣ አምፖሎቹንም አጥፉ፤ ያኔ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ቀዳዳ ብቻ ይበራል። «ምንም ስለማይሠራ መብራት የለም» ብሎ ሽቦ የሚነካ ሰው ግን ይያዛል። ሁለቱም ሽቦ ይነዝራል።

«ኃይል ተለቀቀብንና ቲቪያችን ተቃጠለ»

አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ከጀርባው ያው ኒውትራል አለ፤ አሁን የተላቀቀው ቤት ውስጥ ሳይሆን ምሰሶ ላይ ነው። ሠፈር የሚገባው ሦስት ፌዝ ነው፤ በአንዱና በሌላው ፌዝ መካከል 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ሲቆረጥ የእናንተ ቤትና በሌላ ፌዝ ላይ ያለው የጎረቤት ቤት ያንን 380 ይካፈሉታል። ክፍፍሉ ደግሞ ፍርደ ገምድል ነው፤ ብዙ የሚስበው ቤት ትንሽ ቮልት፣ ትንሽ የሚስበው ብዙ ቮልት ይደርሰዋል። ጎረቤት ምጣዱ አልግል ብሏት ስትነጫነጭ፣ ቲቪ ብቻ የከፈተው ሰውዬ ቤት ጭስ ይወጣል። አምፖል ከወትሮው በላይ ቦግ ካለ ምክንያቱን ቆማችሁ አታጥኑ። ዋናውን ብሬከር አውርዱ።

«የአሜሪካው ብሌንደር አዳፕተር ካለው ይሠራል»

አዳፕተር የሚቀይረው የሶኬቱን ቅርፅ ብቻ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፤ እኛ 220። ከሻንጣ የወጣ ብሌንደር አንዴ ይጮህና ዝም የሚለው ለዚህ ነው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ጽሑፉ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ያለ ሐሳብ ይሰካል። ሌላው ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ለዚያውም ዋቱ ከዕቃው የሚበልጥ። ትራንስፎርመሩም ቢሆን የአሜሪካውን 60 ኸርዝ አያመጣም፤ የኛ 50 ነው። ስለዚህ ጊዜውን ከመብራቱ የሚቆጥር የጠረጴዛ ሰዓት በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። ከዘመድ የመጣላችሁ ሰዓት ሰነፍ ከሆነ አትፍረዱበት።

«ብሬከር አለ፣ ሲሊፐርም አድርጌያለሁ፤ አይገድለኝም»

ይገድላል። ብሬከሩ እስከ 16 አምፒር ዝም ብሎ ያያል። ሰውን ለመግደል ግን ጥቂት አሥር ሚሊአምፒር ይበቃል፤ አንድ አምፒር ደግሞ 1000 ሚሊአምፒር ነው። ለሰው የተሠራው አርሲዲ የሚባለው ነው፤ 30 ሚሊአምፒር ወደ መሬት ሲያፈተልክ ይቆርጣል። ላዩ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለችው፤ በየጊዜው ተጫኗት። ሲሊፐር ደግሞ አንድ እጃችሁ ፌዝ፣ ሌላው ኒውትራል ቢይዝ ምንም አይጠቅምም። ያን ጊዜ አርሲዲውም አያድንም፤ እናንተን እንደ አምፖል ነው የሚያያችሁ።

«ላፕቶፑ ጣት ላይ ንዝር ንዝር ይላል፤ ተበላሽቷል»

ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ቻርጀሩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ በጣም ትንሽ ኃይል ወደ ብረቱ አካል ያሳልፋል፤ መሬት የሚሄድበት ሽቦ ሲያጣ ጣታችሁ ላይ ይሰማል። የልብስ ማጠቢያ ወይም የውኃ ማሞቂያ ሲነዝር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ከብሬከሩ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

«ቻርጀር ሶኬት ላይ መተው ካርድ ይጨርሳል»

አከራያችን ካርዱ ቶሎ ባለቀ ቁጥር ቻርጀር የተወ ተከራይ ፍለጋ በየክፍሉ ይዞሩ ነበር። ስልክ ያልተሰካበት ጥሩ ቻርጀር 0.3 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው። ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። የሳቸው ምጣድ ይህን የሚጨርሰው በ45 ደቂቃ ነው።

ካርዱን የሚበላው ሌላ ነበር። የቤት ታሪፋችን እርከን አለው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ርካሽ ነው፣ ፍጆታው ሲጨምር ዋጋው ይወጣል። እኛ ደግሞ ግቢው ውስጥ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ነበርን።