የካርቡራተር ማኅተም ምንድን ነው?

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ የቤንዚን መኪና ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ግርጌ ላይ ትንሽ ክብ የብረት ድፍን ካያችሁ፣ ማኅተሙ እሱ ነው፤ ከኋላው የሚኒሞ ድብልቅ ብሎን አለ፤ ይህም መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ (ሚኒሞ) የቤንዚኑን መጠን የሚወስን ነው። ፋብሪካው ብሎኑን በጭስ መለኪያ አስተካክሎ የደፈነው ማንም በካቻቢቴ እንዳይነካው ነው።

አንድ ኪሎ ቤንዚን በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። በአብዛኞቹ ካርቡራተሮች ብሎኑ ሲላላ ቤንዚኑ ይበዛል፤ አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል። ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራ የጭስ ማውጫ ክፍል) ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ትርፉ ነዳጅ እዚያው ውስጥ እየነደደ ያግለዋል፤ ሲብስ የውስጡ ሴራሚክ ይቀልጣል።

አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በብሎኑ ራስ ላይ የፕላስቲክ ቆብ ይገጠም ነበር። ሙሉ ዙር እንዳይዞር የሚያግድ ጆሮ አለው፤ ግን በፒንሳ ስለሚነቀል ብዙ አልያዘም። ከ1981 ሞዴል ወዲህ በመጣው ደንብ ብሎኑ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በብረት ተደፈነ። ቢሆንም ጨርሶ አይከፈትም ማለት አይደለም። ለጥገና ካስፈለገ ድፍኑ በትራፓኖ ተበስቶ ይወጣል፣ ድብልቁ በጭስ መለኪያ ይስተካከላል፣ አዲስ ድፍን ይገባል። በናፍጣ ሞተር ፖምፓ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው በሽቦ የታሰረ የእርሳስ ማኅተም ነው።

ሰው ማኅተሙን የሚሰብረው በአብዛኛው ሚኒሞ ሲንቀጠቀጥ ነው። ብሎኑ ሲላላ ሞተሩ ይረጋጋል፤ ችግሩ ግን አልተነካም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተሰነጠቀ የቫኪዩም ጎማ (የሞተሩን ስበት የሚያስተላልፍ ቱቦ) ወይም ከካርቡራተሩ ሥር ያለ አየር የሚያስገባ ጋስኬት ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ጎማዎቹን ተራ በተራ ቆንጠጥ አድርጉ፤ አንዱ ሲያዝ ድምፁ ከተስተካከለ በዚያ መስመር አየር እየገባ ነው። ብሎኑን እስከ መጨረሻ አጥብቆ መዝጋትም ሌላ ጉዳት አለው፦ ሹል ጫፉ ቀለበት ይወጣበታል፣ ከዚያ በኋላ በትክክል አይስተካከልም።

ማኅተሙ የማይመልሰው ጉዳይ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ይህም ሲሆን ብሎኑን ማጥበቅ የሚያስተካክለው ሚኒሞን ብቻ ነው፤ መኪናው መንገድ ላይ ሲሄድ ቤንዚን የሚመጥነው ዋናው ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብረት) ስለሆነ፣ ቀዳዳው ጠበብ ባለ ጄት መለወጥ አለበት።