የሥጋ በል ዕፅዋት ማኅበራት የምርምር ድጋፍ ምንድን ነው?

ነፍሳትን አጥምዶ የሚበላ ተክል ራሱ በነፍሳት ይበላል። ቬነስ ፍላይትራፕን እንውሰድ። ወጥመዱ የሚዘጋው ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ፀጉሮች በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለቴ ሲነኩ ነው። ክሽክሽ የምትባለው ደቃቅ ተባይ ግን ወጥመዱ ጋ ብዙም ዝር አትልም። አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ለስላሳው እምብርት ላይ ተጣብቃ የተክሉን ፈሳሽ ትመጥጣለች። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቅጠል የተጨማደደና የተጣመመ ይሆናል።

መድኃኒቱስ? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ስለ ስንዴ ወይም ስለ ቲማቲም ቢሆን መልስ የሚፈልግ የምርምር ማዕከልና ኩባንያ ሞልቷል። የሥጋ በል ዕፅዋት ገበያ ግን ጠባብ ነው። አንድ ፀረ ተባይ በእነሱ ላይ ይሞከር አይሞከር የሚጨነቅ ብዙ የለም። ተክሎቹ ደግሞ በቀላሉ ይጎዳሉ፤ ማዕድን የበዛበት ውሃ እንኳ አይስማማቸውም።

ማኅበራቱ የሚገቡት እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ዓለም አቀፉ የሥጋ በል ዕፅዋት ማኅበር በ1972 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ በዓመት አራት ጊዜም መጽሔት ያወጣል። እንዲህ ያለ ማኅበር ከአባላት መዋጮ ለምርምር ገንዘብ ሊመድብ ይችላል። ገንዘቡ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ተመራማሪ የታመመ ተክልም ጤነኛ ተክልም በብዛት ያስፈልገዋል። እነዚያን ቤቱ የያዘው የማኅበሩ አባል ነው። ግራጫ ሻጋታ የሚባለው የተክል በሽታ መቼ፣ በምን ዓይነት እርጥበት እንደጀመረ በየቀኑ የሚያየውም እሱ ነው።

ለእኔ ትልቁ ጥቅም ንጽጽሩ ነው። ብዙ አብቃዮች ክሽክሽ የያዘውን ፍላይትራፕ አንድ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። “ነከርኩት፣ ዳነ” ይላሉ። ያዳነው ውሃው ነው ወይስ ሳይነከርም ይድን ነበር? ይህን ለማወቅ የተነከሩና ያልተነከሩ ተክሎች በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ቦታ ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። ያልሠራው ዘዴም ይታተም። ያለዚያ ሌላው ሰው ያንኑ ሞክሮ ተክሉን ይገድላል።

ሌላው ከባድ ጥያቄ ተባይ የምንለው ማንን ነው የሚለው ነው። በሰሜን አሜሪካ ኤክሳይራ የምትባል የእሳት ራት አለች። አባጨጓሬዋ የሚያድገው ሳራሴኒያ በተባለ ሥጋ በል ተክል ቱቦ መሰል ቅጠል ውስጥ ነው። የቱቦውን አፍ በሐር ድር ዘግቶ የውስጡን ግድግዳ ይግጣል። ወጥመዱ ለእሱ ቤትም ቀለብም ሆነለት ማለት ነው። ይሁንና ያለ ሳራሴኒያ መኖር አይችልም፤ ረግረጉ ሲደርቅ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ግሪን ሃውስ ውስጥ የተጠቃውን ቅጠል ቆርጦ ማውጣት ይበቃል። ረግረጉ ላይ ግን መድኃኒት ይረጭ ከመባሉ በፊት ተመራማሪው ተክሉንም የእሳት ራቷንም መቁጠር አለበት።