ስኮላርሺፕ ዲስፕሌስመንት ምንድን ነው?

ግንቦትና ሰኔ ላይ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስቴት ውስጥ የሐበሻ ልጆች ምረቃ ይደራረባል። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የኮሚኒቲ ማኅበሩ፣ አንዳንዴ ዕድሩም ጭምር ጎበዝ ለሆኑ ተመራቂዎች ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ፎቶ ይነሳል፣ እልልታው ይቀልጣል። ነሐሴ ላይ ልጁ የዩኒቨርሲቲውን ፖርታል ከፍቶ ሲያይ ግን የ3,000 ዶላሩ ስኮላርሺፕ ገብቶ፣ ከሱ በላይ ያለው መስመር ተቀይሮ ያገኘዋል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሰጠው ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ እርዳታ፣ በ3,000 ዶላር ቀንሷል። ድምሩ ያው የድሮው ነው። ቤተሰቡ ከኪሱ የሚከፍለውም አልተነካም።

ስኮላርሺፕ ዲስፕሌስመንት የሚባለው ይህ ነው። ተማሪው ከውጭ ባመጣው ገንዘብ ልክ ዩኒቨርሲቲው የራሱን እርዳታ መልሶ ይወስዳል። ብዙ ወላጅ ስህተት ተፈጥሮ ይመስለውና ስልክ ይደውላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ስህተት አይደለም፣ አሠራሩ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ከሚጠየቅበት ፎርም፣ ነው። ፎርሙ ሲሞላ መንግሥት የቤተሰቡን አቅም የሚያመለክት አንድ ቁጥር ያወጣል። ከ2024-25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ይህ ቁጥር ስቱደንት ኤይድ ኢንዴክስ፣ ባጭሩ ኤስ ኤ አይ ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የአንድ ዓመት ሙሉ ወጪን ያሰላል። ይህም የትምህርት ክፍያ፣ መኖሪያ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ ትራንስፖርት እና የግል ወጪ ነው። ከወጪው ላይ ኤስ ኤ አይ ሲቀነስ የሚተርፈው የተማሪው “ኒድ” ይባላል። የፌዴራል ሕጉ በኒድ የሚሰጥ እርዳታ ከውጭ ከሚመጣ ስኮላርሺፕ ጋር ተደምሮ ከዚህ እንዳያልፍ ይከለክላል። ስለዚህ ተማሪው ያገኘውን ስኮላርሺፕ ለዩኒቨርሲቲው ማሳወቅ አለበት፤ ዩኒቨርሲቲውም መቁጠር አለበት።

እዚህ ድረስ ዩኒቨርሲቲው ምርጫ የለውም። ምርጫው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ድምሩ ካለፈ ከየትኛው ይቀነስ? ከብድሩ? ከወርክ ስተዲ (ተማሪው እየሠራ ከሚያገኘው ክፍያ)? ወይስ ከራሱ ግራንት? የፌዴራል ሕጉ በአብዛኛው ይህን ለዩኒቨርሲቲው ትቶታል። ለተማሪው የሚበጅ አሠራር ያላቸው መጀመሪያ ብድሩን ይቀንሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ቀጥታ ወደ ራሳቸው ግራንት ይሄዳሉ፤ ገንዘባቸው ይተርፍላቸዋላ።

በቁጥር እንየው። የዓመት ወጪው 30,000 ዶላር፣ ኤስ ኤ አዩ 4,000 ነው እንበል። ኒዱ 26,000 ሆነ። ከፌዴራልና ከስቴት ግራንት 8,000፣ ከዩኒቨርሲቲው ግራንት 10,000፣ ከብድር 5,500፣ ከወርክ ስተዲ 2,500 ተሰጠው። ተደምሮ 26,000፣ ሞልቷል። አሁን የቤተ ክርስቲያኑ 3,000 ይመጣል። ዩኒቨርሲቲው ከብድሩ ከቀነሰ ልጁ የሚበደረው 2,500 ብቻ ይሆናል። ከግራንቱ ከቀነሰ ግን ብድሩ 5,500 እንዳለ ይቀመጣል፣ ግራንቱም 7,000 ይሆናል። ያ ሁሉ ድርሰት፣ ያ ሁሉ የድጋፍ ደብዳቤ ልመና ለልጁ ምንም አላመጣለትም። ለዩኒቨርሲቲው ግን 3,000 ዶላር አመጣለት።

ሜሪላንድ ይህን በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት። ዓመቱ 2017 ነበር። ሕጉ እንዲወጣ ብዙ የገፋው ሴንትራል ስኮላርሺፕ የተባለ የባልቲሞር ድርጅት ነው፤ ለተማሪ ብሎ የሰጠው ገንዘብ የዩኒቨርሲቲ በጀት መደጎሚያ ሲሆን እያየ ቆይቷል። ሕጉ ለስቴቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፤ ተማሪው የግል ስኮላርሺፕ ስላገኘ ብቻ የራሳችሁን ግራንት አትቀንሱበት። መቀነስ የሚቻልባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው። አንደኛው፣ መመለስ የሌለበት እርዳታ ሁሉ ተደምሮ ከኒዱ ሲያልፍ ነው፤ ያኔም የሚቀነሰው ያለፈችው ብቻ ናት። ስኮላርሺፑን የሰጠው ድርጅት ራሱ ከተስማማም ይቻላል። ስፖርተኞችን በተመለከተ ደግሞ የአትሌቲክስ ማኅበራት የሚያስቀምጡት ጣሪያ አለ።

ቁልፉ “መመለስ የሌለበት” የሚለው ላይ ነው። ብድር ይመለሳል፣ ወርክ ስተዲም ተሠርቶ የሚገኝ ነው፤ ሁለቱም እዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። ቅድም ባየነው ምሳሌ የልጁ ግራንትና ስኮላርሺፕ ተደምሮ 21,000 ነው፤ ከ26,000 በታች ነው። ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያንን 10,000 መንካት አይችልም። ግራንቱ ቀድሞውኑ 25,000 ቢሆን ኖሮ ግን ከ3,000ው ጋር 28,000 ይሆናል፤ 2,000 መቀነስ ይፈቀድለታል። ሦስቱንም ሺህ መውሰድ ግን አይችልም።

ሌሎችም ተከትለዋል። ኒው ጀርዚ በ2021፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ፔንሲልቬንያና ካሊፎርኒያ በ2022 የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። የካሊፎርኒያው በአንድ በኩል ሰፋ ይላል፤ የግል ዩኒቨርሲቲዎችንም ይይዛል። በሌላ በኩል ይጠብባል፤ የሚጠብቀው ፔል ግራንት (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ የፌዴራል ግራንት) የሚገባቸውን ወይም በካሊፎርኒያ ድሪም አክት (በዋናነት ሕጋዊ መኖሪያ ለሌላቸው ተማሪዎች በወጣው የስቴት ሕግ) እርዳታ የሚያገኙ ተማሪዎችን ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቹም መልስ አላቸው፣ ሰምቶ ማለፍ ጥሩ ነው። ያለን ገንዘብ ውስን ነው፤ አንዱ ከውጭ ካገኘ የሱን ድርሻ ምንም ላላገኘው እንሰጣለን ይላሉ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ አዋጥቶ የሰጠው ለዚያ ልጅ ነው። ገንዘቡ ለማን ይሁን የሚለውን የወሰነው ሰጪው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ድጋሚ የሚወስንበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም። ደግሞ የተረፈው ግራንት እውነት ለሌላ ችግረኛ ተማሪ መሄዱን ከውጭ ሆኖ ማን ያያል?

የሜሪላንድ ሕግ የማይደርስበት ብዙ ቦታ አለ። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ የግል ስለሆነ በዚህ ሕግ አይያዝም። ልጁ ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ሌላ ስቴት ሄዶ ከተማረ የሜሪላንድ ሕግ አብሮት አይሄድም። የፌዴራሉንም ደንብ የስቴት ሕግ አይሽረውም። ፔል ግራንትን በተመለከተ፣ የውጭ ስኮላርሺፕ በመጣ ቁጥር አይቀነስም። ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ግን የፌዴራል ያልሆነ ግራንትና ስኮላርሺፕ ሙሉ ወጪውን ከሸፈነለት ተማሪው ፔል አያገኝም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዝም ብሎ መደበቅ የሚል ምክር በየቡና ቤቱ ይሰማል። አይሠራም። ቼኩ ብዙ ጊዜ የሚላከው በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ነው። ባይላክ እንኳን፣ ሴሚስተሩ ከተጀመረ በኋላ ከታወቀ ዩኒቨርሲቲው አስተካክሎ ቢል ይልካል፤ ያኔ መክፈያው ከየት ይመጣል?

የሚሠራው ዩኒቨርሲቲ ከመመረጡ በፊት፣ ማለትም ሚያዝያ ላይ፣ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው መጻፍ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ “ከውጭ ስኮላርሺፕ ባመጣ መጀመሪያ የምትቀንሱት ብድሩን ነው፣ ወርክ ስተዲውን ነው ወይስ የራሳችሁን ግራንት?” በኢሜይል ይሁን፣ መልሱም በጽሑፍ ይምጣ። በስልክ የተባለ ነገር መስከረም ላይ የሚያስታውሰው የለም። ልጁ ላፕቶፕ መግዛት ካለበት ደግሞ ደረሰኙን ይዞ የዓመት ወጪው ላይ እንዲጨመርለት መጠየቅ ይችላል። ወጪው ሲሰፋ ኒዱም ይሰፋል፣ ለስኮላርሺፑም ቦታ ይገኛል። ይህ በቢሮው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ያልጠየቀ ግን አያገኝም።

ለሰጪ ኮሚቴዎችም ሥራ አለ። ስኮላርሺፑ ሲላክ አብሮ በሚሄደው ደብዳቤ ላይ “ይህ ገንዘብ የተማሪውን ብድር ለመቀነስ ይዋል” ብሎ መጻፍ ይቻላል። ሜሪላንድ ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ግራንቱን ልቀንስ ብሎ የኮሚቴውን ስምምነት ከጠየቀ፣ እሺ ከማለት በፊት ልጁን መጠየቅ ነው። ዘንድሮ የልጁ ኒድ ሞልቶ ከሆነም ገንዘቡን ይዞ ለሁለተኛ ዓመቱ መስጠት ይቻላል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ገቢ የሚሰጠውን ያህል ግራንት በሁለተኛው ዓመት ላይሰጥ ይችላልና።