የባህርዳር ዛፍ ቆራጮች፦ ስራው፣ ጉዳቱና የየእለቱ ጣጣ

እዚህ ጋ ዛፍ ቆራጭ ሲባል ደን የሚመነጥረው ወይም ባህር ዛፍ ጥሎ አጣና የሚነግደው አይደለም። ከተማ ውስጥ ግቢና መንገድ ዳር የቆመ ትልቅ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚመለምል፣ የደረቀውን የሚያወርድ፣ ጣሪያ ላይ ያዘነበለውን ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ በገመድ የሚያስወርድ ሰው ነው። ባህርዳር ለዚህ ስራ የተመቸች ከተማ ናት፣ ዘንባባዋ፣ ጃካራንዳዋ፣ የድሬዳዋ ዛፏ፣ ሀይቁ ዳር ያለው ዋርካና ሾላ ባይኖር "ውቢቷ" የሚለው ግማሹ ይቀር ነበር። ዛፉን ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል፣ ማን ወጥቶ እንደሚመለምለው ግን እምብዛም አይወራም።

ታሪኩ

ድሮ ባህርዳር ጊዮርጊስን የከበበች ትንሽ መንደር ሆና ሳለ ዛፍ የሚቆርጠው ባለቤቱ ራሱ በፋስ ነበር። በጣሊያን ጊዜ መንገድና ወታደራዊ ሰፈር ተሰራ፣ በዚያው አለፈ።

ነገሩ የተቀየረው በ1950ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ነው። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሰራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የአባይ ድልድይ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1961 አካባቢ ደረሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ በሶቪየቶች እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ፣ በዚሁ ሰሞን ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የመሩት የጀርመን ቡድን የከተማዋን ማስተር ፕላን አወጣ። ጃንሆይ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር የሚባለውም ያን ጊዜ ነው፣ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግስትም ያው ምስክር ነው። እንግዲህ ሰፊ ጎዳና ሲኖር ዛፍ የሚተከልበት ቦታ ይኖራል። የመንገድ ዳር ዘንባባዎቹን ብዙ ሰው ለጃንሆይ ዘመን ነው የሚሰጣቸው፣ አይ የደርግ የችግኝ ተከላ ዘመቻ ነው የሚልም አይጠፋም፣ ምናልባት ሁለቱም የየራሳቸውን ተክለው ይሆናል። የማያከራክረው አንድ ነገር ነው፦ በጃንሆይ ጊዜ የተተከለ ዛፍ ዛሬ ስልሳ አመት ገደማ ሆኖታል፣ ስልሳ አመት የሞላው ጃካራንዳ ደግሞ ውስጡ እየቦረቦረ ቅርንጫፍ የሚጥል ዛፍ ነው። ሙያው የተፈለገው ለዛ ነው።

 

ክፍያው

የዚህ ስራ ችግር ሁሉ የሚጀምረው ከክፍያው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለት አይነት ውል አለ። አንዱ በብር ተነጋግሮ መቁረጥ ነው። ሁለተኛውና በጣም የተለመደው "ቁረጥና እንጨቱን ውሰድ" የሚባለው ነው፣ ባለቤቱ ምንም አያወጣም፣ ቆራጩ ፍልጡን ለማገዶ ወይም ለከሰል ሸጦ ድካሙን ያወጣል። ለባለቤቱ ነጻ ይመስላል፣ ግን አስቡት፦ መወገድ ያለበት የደረቀውና የታመመው ቅርንጫፍ ሆኖ ሳለ ዋጋ የሚያወጣው ወፍራሙና ጤነኛው ነው፣ ስለዚህ ቆራጩ እጁ የሚሄደው ወደዛ ነው፣ የዛፉን አናት ቀልቶ ግንዱን ብቻ ያቆመዋል። አናቱ የተቀላ ዛፍ በሁለት በሶስት አመት ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ ቀንበጥ ያወጣል፣ ያ ቀንበጥ ግንዱን አጥብቆ አይዝም፣ የተቆረጠው ቦታም ውሃ እየገባበት ይበሰብሳል፣ ከዛ በግንቦት ንፋስ ተገንጥሎ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። ባለቤቱ ተመልሶ ቆራጭ ይጠራል። ጥሩ ቆራጭ መጥፎ ቆራጭ የሚለው ወሬ ላይ ይሄ ነገር ሁሌ ይረሳል፣ አብዛኛው ጥፋት የእጅ ሳይሆን የውል ነው።

በደንብ የሚሰራ ሰው ከባድ ቅርንጫፍን በሶስት ቆረጣ ነው የሚያወርደው። መጀመሪያ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ከስር ይገዘግዛል፣ ቀጥሎ ከዛ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆርጥና ክብደቱን ይጥላል፣ መጨረሻ ላይ የቀረችውን ጉቶ ቅርንጫፉ ከግንዱ ከሚወጣበት እብጠት ውጪ አስተካክሎ ይቆርጣል። ከስር የሚገዘገዘው ከተዘለለ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ልጡን ይዞ ግንዱን እስከታች ይልጠዋል። እብጠቷ ከተነካች ደግሞ ቁስሉ አይድንም። ይሄን ትምህርት ቤት ያስተማራቸው የለም፣ ካየ ሰው ነው የተማሩት፣ እውነት ለመናገር አንዳንዶቹ ከመጽሀፍ ካነበበ ሰው በላይ ያውቁታል።

ጉዳት

አንደኛው መውደቅ ነው። ሴፍቲ ቤልት ያለው ጥቂት ነው፣ ብዙው በወገቡ ገመድ አስሮ፣ በባዶ እግሩ ወይም በኮንጎ ጫማ ነው የሚወጣው። የበሰበሰ ቅርንጫፍ ከላይ ጤነኛ ይመስላል፣ እግር ሲያርፍበት ነው የሚታወቀው። ከታች ገመድ የሚይዘውም ከጉዳት አይተርፍም፣ "ከስር ዞር በሉ!" ተብሎ ተጮሆም እንጨቱ ግድግዳ ወይም ሌላ ቅርንጫፍ መትቶ ወዳልተጠበቀበት ይዞራል።

ሁለተኛው ቼንሶ፣ ማለትም የሞተር መጋዙ ነው። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት (ባሩ) ጫፉ ላይ በላይኛው ጎን እንጨት ከነካ ማሽኑ በቅጽበት ወደ ላይና ወደያዘው ሰው ዘሎ ይመለሳል፣ አንገት፣ ትከሻና ግራ እጅ የሚጎዱት በዚህ ነው፣ መሰላል ላይ ቆሞ በአንድ እጅ የሚይዘው ደግሞ የባሰ። ሞረድ ያልነካው የደነዘዘ ሰንሰለት አደገኛ ነው፣ ሰው ስለሚጫነው። ድምጹ ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው፣ ለስምንት ሰአት ስራ ጣሪያው 85 የሚባለው ይታወቃል፣ ስለዚህ አመታት የሰራበት ሰው ሲያወራችሁ ቢጮህ አትቀየሙት። ጣት መደንዘዝም አለ፣ ከንዝረቱ ነው።

ሶስተኛው መብራት። ከተማ ውስጥ ያሉት የ15 እና የ33 ኪሎ ቮልት መስመሮች ሳይነኩም ይገድላሉ፣ እርጥብ ቅርንጫፍ ጠጋ ካለ በቂ ነው፣ የግቢውን ቆጣሪ ማጥፋት ደግሞ ለዚህ ምንም አይሰራም፣ መስመሩ ከቆጣሪው በፊት ነዋ። መብራት ኃይል ጋ 905 ደውሎ መስመር እስኪጠፋ መጠበቅ አለ፣ ግን ባለቤቱ ቆሞ እያየ፣ አይሱዙ ተከራይቶ መጠበቅ ይከብዳል። በችኮላ ይወጣሉ።

ትንንሾቹም አሉ። አጥር ላይ ያለው ቅንጭብ ነጭ ወተቱ አይን ከገባ እስከ መታወር ያደርሳል፣ ወዲያው በብዙ ውሃ መታጠብ ነው። ግራቪሊያ ቆዳ ያሳክካል። ከቴምር ወገን የሆነው ዘንባባ የዝንጣፊው ስር እሾህ ነው። ጉቶ ውስጥ ንብ ካለ ስራው ለማታ ይተላለፋል፣ ጭስ ይዞ። ገብረ ጉንዳን ካጋጠመማ በቃ መውረድ ነው።

የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። ጥሩ ወጌሻ እንዳለ አይካድም፣ ለውልቃትማ ብዙ ሰው ይምላል። ነገር ግን በቀርቀሃ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ ሞቶ ሆስፒታል ሲደርስ የሚቆረጥበት ሁኔታ በሀገራችን ሀኪሞች ደጋግሞ የተጻፈ ነው፣ ጣት ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው ዛሬውኑ ይፈታ። ከወደቀ ሰው ጋ ደግሞ ጀርባው ከተመታ አንስቶ ባጃጅ ላይ ማስቀመጥ ትልቁ ጥፋት ነው።

ካሳ የሚባል ነገር ለአብዛኛው የለም። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 በስራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሰሪውን ተጠያቂ ያደርጋል፣ ግን እንጨቱን ለራሱ ሊወስድ የተስማማ ሰው ተቀጣሪ ነው ወይስ ስራ ተቋራጭ? አብዛኛው ባለቤት "የራሱን ስራ ነው የሰራው" ይላል።

ወቅትና በዓል

ስራ የሚበዛው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው። ከዛ የባህርዳር ዝናብ ዛፉን አንሸራታች ያደርገዋል። የጣና ውሃ ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፣ ያኔ ሀይቁ ዳር አፈሩ ውሃ ጠግቦ ስሩ ላላ ይላል፣ ሆቴሎቹ አካባቢ ያዘነበለ ዛፍ የሚያስጨንቀው ለዛ ነው። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ቀን የማይወጣ ቆራጭ ብዙ ነው፣ በጾም ወቅት ደግሞ ሳይበሉ እስከ ዘጠኝ ሰአት ቼንሶ መያዝ አለ፣ ራስ ያዞራል። የሆሳዕና ሰሞን ለዘንባባ ዝንጣፊ ሲባል ከሙያው ውጪ ያለ ልጅ ሁሉ ዛፍ ላይ ይወጣል።

አድባር የሆነ ዋርካ የማይነኩ አሉ፣ ብር ቢጨመርላቸውም። የገዳማቱ ዛፍም እንዲሁ። ጣና ዳር ያለችው ዘጌ ላይ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ማረስና ከብት ማርባት የለም ተብሎ ይታመናል፣ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር የቆየው በዚህ ነው፣ ምንም እንኳ ከዛው ከዘጌ በታንኳ ማገዶ ተጭኖ ባህርዳር ገበያ መውጣቱ የቆየ ነገር ቢሆንም።

እንጨቱ ወዴት ይሄዳል

ዋንዛ ከተገኘ ለአናጺ ነው፣ ለከበሮም ይፈለጋል። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግስት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፣ አሁን ያለው አዋጅ 1065/2010 ነው። ግንዱን መኪና ላይ ጭኖ ሲሄድ ኬላ ላይ የሚጠየቀው ባለቤቱ ሳይሆን ቆራጩ ስለሆነ የገባቸው ሰዎች ከግቢው ባለቤትና ከቀበሌ ወረቀት ሳይዙ አይጭኑም። የመንገድ ዳር ዛፍ ግን የማዘጋጃ ቤት ነው፣ ቤትህ ፊት ለፊት ቢበቅልም።