የሚጥል በሽታ በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ምርምሩ፣ ሕክምናውና ሰዉ

የሚጥል በሽታ፣ ሐኪሞቹ ኤፒለፕሲ የሚሉት፣ በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ገደማ ሰው ያለበት የአንጎል ሕመም ነው። በአማርኛ ስለሱ የሚገኘው ወይ በራሪ ወረቀት ነው ወይ ሬዲዮ ላይ የተወራ ነገር፣ ስለዚ እዚህ ከየቦታው የተገኘውን አንድ ላይ ለማስቀመጥ ተሞክሯል፣ በተለይ ደሞ ከከተማው ዳር ያሉትን ሰፈሮች በማሰብ፤ ኮተቤና ካራ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ፣ አለፍ ሲል ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ። የመጨረሻዎቹ አራቱ አሁን በሸገር ከተማ ስር ናቸው፣ ሕመምተኛው ግን ከበድ ሲልበት የሚሮጠው ያው ወደ አዲስ አበባ ነው።

አንጎል ውስጥ ያሉት የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚግባቡት በኤሌክትሪክና በኬሚካል ነው። የሚቀሰቅስ ኬሚካል አለ፣ የሚያበርድ አለ፣ ከሚያበርዱት ዋናው ጋባ ይባላል። ማብረዱ ሲያንስ ወይ መቀስቀሱ ሲበዛ ብዙ ሴሎች በአንድ ጊዜ መልዕክት ይለቃሉ፣ ልክ ታክሲ ተራ ላይ ሰልፉ ፈርሶ ሁሉም በአንዴ በሩ ላይ እንደሚረባረበው፣ እና ማንም አይገባም። ይሄ ነገር መላ አንጎሉን ከያዘ ሰውየው ይወድቃል ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ቦታ ብቻ ከቀረ ግን እጁ ብቻ ሊንዘፈዘፍ ወይ ለትንሽ ጊዜ ፈዞ ሊቀር ይችላል። ክፍል ውስጥ በቀን ብዙ ጊዜ ለሰከንዶች ፍዝዝ የሚሉ ልጆች አሉ፣ መምህሩ ትኩረት የለውም ብሎ ይቆጣል፣ ልጁ ግን እየታመመ ነው።

መነሻው ብዙ ነው። ምጥ ተራዝሞ ሕፃኑ አየር ሲያጥረው፣ ማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፣ የመኪና አደጋ፣ ስትሮክ፣ ዕጢ፣ በዘር የሚመጣም አለ፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ምክንያቱ ጭራሽ አይታወቅም። በብዙ የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ አገሮች ትልቁ መነሻ የአሳማ ኮሶ ትል ዕጭ አንጎል ውስጥ ገብቶ መቀመጡ ነው። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው አሳማ ስለማይበላና ብዙም ስለማያረባ በዚ በኩል ተርፈናል ማለት ይቻላል፣ ከጥሬ ሥጋ የምናገኘው የከብት ኮሶ አንጎል ውስጥ አይገባም፣ ሌላ ጣጣው እንዳለ ሆኖ።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት እምብዛም የተጻፈ የለም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕመምተኛውንም የሚጥል በሽታ ያለበትንም አንድ ላይ ሲያክም ኖሯል፣ ሮበርት ጊል የተባለ ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም ደሞ በንጉሡ ዘመን እዚህ ሰርቶ ስለ በሽታው ጽፏል።

ዋናው ነገር የመጣው በደርግ ጊዜ ነው፣ ከ1986 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. በተሰራው የቡታጅራ ጥናት። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ የከተማ ዳርቻ ናት ማለት አይቻልም፣ ግን ዛሬ ጤና ጣቢያ ውስጥ ስለ በሽታው የሚነገረው ቁጥር ብዙው ቢቆፈር እዛ ነው የሚደርሰው ስለዚ ሳይነሳ አይታለፍም። ጥናቱን የመሩት በአገራችን የነርቭ ሕክምና ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው፣ ከስዊድን የመጡ ባልደረቦችም ነበሩበት። አሰራሩ ቀላል ይመስላል ግን አይደለም፦ የሰለጠኑ ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰው ያለበትን ሕዝብ በመጠይቅ አዩ፣ የተጠረጠረውን ሐኪም መረመረው፣ የአንጎል ኤሌክትሪክ የሚያነበው መሣሪያም ተጠቀሙ፣ ያውም በዛ ዘመን በዛ መንገድ። 316 ሰው ተገኘ፣ ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው፣ ወንዶቹ ትንሽ በለጥ ይላሉ። በኋላ ተመልሰው ባደረጉት ጥናት ደሞ በዓመት ከ100,000 ሰው 64 አዲስ እንደሚያዝ አሰሉ፣ ይሄ ሀብታም አገሮች ላይ ከሚገኘው ከፍ ያለ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን ሌላ ነው፣ ከተገኙት ውስጥ ትክክለኛ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከመቶ ሁለት እንኳን አይሞሉም፣ 1.6 ናቸው። የሰዉን አመለካከት የጠየቀ ሥራም አብሮ ወጥቷል፣ እርኩስ መንፈስ ነው የሚለው፣ ይተላለፋል የሚለው፣ ለጋብቻ አይሆኑም የሚለው ሁሉ እዛ ላይ ተመዝግቧል። ሰው ሲወድቅ ለሃጩ እንዳይነካን ብሎ መሸሽ አሁንም አለ፣ እሳት ላይ የወደቀን ሰው ሳይቀር፣ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባቸው የበዙትም ለዚ ነው።

 ቡታጅራ ደሞ ከዛ በኋላም አላረፈችም፣ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የከባድ አእምሮ ሕመምን ለዓመታት የተከታተለው ትልቁ ጥናት እዛው ነው የተሰራው፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደሞ ጎረቤቷ ሶዶ ወረዳ ላይ የጤና ጣቢያ ነርስና ጤና መኮንን ሰልጥነው የአእምሮ ሕመምንም የሚጥል በሽታንም ራሳቸው ማከም እንደሚችሉ ተሞክሯል። እዚህ አዲስ አበባ ዳር ያለው አሰራር የዛ ውጤት ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪም ስፔሻሊቲ ሥልጠና በ2006 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምናውም በዛው ዓመት ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር። ከዛ በፊት ስፔሻሊስት ለመሆን ውጭ መሄድ ነበር ያለው።

ዳርቻው ላይ ስሙ የሚጠራው ተቋም የካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። ሲታሰብ የአማኑኤልን ጫና እንዲያቃልል ለአእምሮ ሕክምና ነበር፣ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ግን የአገሪቱ ቀዳሚ የኮሮና ማዕከል ሆነና ስሙን ሁሉም ሰው ያወቀው በዛ ነው። በምዕራብ በኩል ገፈርሳ ለቆዩ የአእምሮ ሕመምተኞች ማገገሚያ አለ። የዕለት ተዕለቱ ሥራ ግን ያለው ጤና ጣቢያ ነው። በክትትል ቀን ጠዋት ብትሄዱ የግፊትና የስኳር ሕመምተኞች መሃል አንድ እናት ከጎረምሳ ልጇ ጋር ካርድ ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታያላችሁ፣ ነርሷ ከመጨረሻው ወዲህ ስንት ጊዜ ጣለው፣ መድኃኒት አመለጠው ወይ፣ እንቅልፍ አጥቶ ነበር ወይ ትላለች፣ የወር ክኒን በትንሽ ፌስታል ይሰጣታል፣ ላዩ ላይ ማታ ማታ አንድ ተብሎ ተጽፎበት። ችግሩ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወይ ቤት ኪራይ ሸሽቶ ወደ ዳር የወጣ ሰው ካርዱ የድሮው ሰፈር ይቀራል፣ ጤና መድኑም እንደዛው፣ እና ክትትሉ እዛ መሃል ላይ ይቋረጣል።

ምርመራውን በተመለከተ ሰው ኤምአርአይ የሚባለውን የአንጎል ፎቶ ካልተነሳሁ ይላል፣ ግን በሽታው የሚታወቀው በዋናነት እንዴት እንደጣለው በሚነገረው ታሪክ ነው። ሐኪሙ ሰውየው ሲጥለው አላየም፣ ስለዚ ያየ ሰው ይዞ መሄድ፣ ከተቻለ ደሞ በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ። ቪዲዮው ሐሜት እንዳይሆን እንጂ ለሐኪሙ ወርቅ ነው። የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ ደህና ነው ቢልም በሽታው የለም ማለት አይደለም፣ በዛች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ምልክት አላሳየም ማለት ነው።

ክብሪት ጭሮ ማሽተት የሚባለው ነገር ምንም ጥቅም የለውም፣ በቃ። ብዙው ማንዘፍዘፍ በአንድ ሁለት ደቂቃ በራሱ ይቆማል፣ ሰዉ ግን ያቆመው ክብሪቱ ይመስለዋል። በጎን ማስተኛት፣ አፍ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። የጠበሉ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፣ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ነው። እንጦጦ ላይ በየቀኑ የሚጠመቀው ሰው ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት አለ፣ እፎይታ አገኘሁ የሚልም አለ፣ ያንን መካድ አይገባም። አደጋው ጠበል ስጀምር ክኒኑን ላቁም ሲባል ነው፣ በተለይ ፊኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ ክኒን በአንዴ ሲቋረጥ ማባሪያ የሌለው ማንዘፍዘፍ ያመጣና ሊገድል ይችላል። በ2007 እ.ኤ.አ. አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይወሰዱ ብለው በይፋ ተናግረዋል፣ ያ ነገር ለሌላውም መንገድ ከፍቷል፣ እንጦጦ ማርያም ላይ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው እንደሚሰሩ የሚያሳይ ጥናትም በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

መድኃኒቱ ጋ ስንደርስ፣ በትክክል ቢወሰድ ከአስር ሰው ሰባቱ ሊቆምለት እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ጤና ጣቢያ የሚገኘው በብዛት ፊኖባርቢታል ነው፣ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰራበት፣ የጋባን ማብረድ የሚያጠናክር፣ ርካሽ ግን የሚያስተኛ። ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሚባሉት ደሞ ሶዲየም ወደ ነርቭ ሴሉ የሚገባበትን በር በመዝጋት፣ ሴሉ ቶሎ ቶሎ መልዕክት እንዳይለቅ በማድረግ ነው የሚሰሩት። እዚህ ላይ ለሴቶች በቂ የማይነገር ነገር አለ፣ ሦስቱም ጉበት ሆርሞንን ቶሎ እንዲያጠፋ ስለሚያደርጉ ክንድ ላይ የሚቀበረውና በአፍ የሚወሰደው የእርግዝና መከላከያ ሊከሽፍ ይችላል፣ የሦስት ወሩ መርፌ ይሻላል፣ ስለዚ መከላከያ ክፍል ሲገባ የሚጥል በሽታ ክኒን እወስዳለሁ ማለት ያስፈልጋል። ቫልፕሮኤት የሚባለው ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ደሞ ለመውለድ ላሰበች ሴት አይመከርም፣ የጽንሱን ነርቭና አንጎል ይጎዳል፣ ሌላውን የምትወስደውም ከማርገዟ በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ ታክልበታለች።